የቢተው ጠማማ መንገድ

ጥምቀት በደረሰ ቁጥር በአገራችን አንድ ነገር ይወራል። የወይራ በር አማኑኤል ታቦት በጣሊያን ዘመን ተሰዶ ሲመለስ ከድልድዩ አፍ ላይ ደርሶ «አልሻገርም» አለ፤ ሕዝቡ አለቀሰ፣ ምሕላ ተያዘ፣ ከዚያ ታቦቱ በገዛ ፈቃዱ ቁልቁል ዞሮ በመልካው፣ በወንዙ መሻገሪያ በኩል ገባ ይባላል። ይህን የሚያወሩት ዛሬ ሽበት ያወጡ ሰዎች ናቸው። እዚያ ነበሩ። እኔም ነበርሁ። እንዲህ እንዳልሆነ እነሱም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። ግን ተአምር ነው ብሎ ማለፍ ይቀላል። ተአምር ከሆነ የሚያፍር ሰው አይኖርማ።

ስለዚህ የሆነውን እጽፋለሁ። የምጽፈው ስለ ታቦቱ ሳይሆን ስለ ቢተው እንዳላማው ነው። አያ ቢተው እንለው ነበር።

አያ ቢተው እንደ ሁላችንም ገበሬ ነበር። ነገር ግን ከአባቱ የወረሰው አንድ አገልግሎት ነበረው፤ የታቦት መንገድ ይጠርጋል። ከደጀ ሰላሙ ተነሥቶ ቁልቁል እስከ ጥቁር ውኃ መልካ ድረስ የሚወርደው፣ አማኑኤል ለጥምቀት የሚሄድበት መንገድ የሱ ነበር። ለዚሁ አገልግሎት ከቅድመ አያቱ ጀምሮ የተሰጠች አንዲት ጥማድ መሬት ነበረችው። እንደ መቀነት ረጅምና ቀጭን ሆና በመንገዱ ግራ በኩል መንገዱን ተከትላ ትወርዳለች። በቀኝ በኩል ያለው የኛ የጎረቤቶቹ እርሻ ነው። ከዚያች መቀነት በቀር ሌላ መሬት አልነበረውም።

ሥራውን የሚጀምረው ከኅዳር ሚካኤል ማግስት ነው። ክረምት የቦረቦረውን በድንጋይና በአፈር ይሞላል፤ እሾሁን ይመነጥራል፤ የታቦቱን ጥላ እንዳይነካው ያዘነበለውን የወይራ ቅርንጫፍ ይቆርጣል። ስፋቱ ስምንት ክንድ ነው፤ ታቦቱን የተሸከመው ቄስ በመካከል፣ ጥላ ያዦቹ በግራና በቀኝ እንዲሄዱበት። ይህን ማንም ጉልበት ያለው ሰው ሊሠራው ይችላል። የሱን ሥራ የሱ የሚያደርገው የመጨረሻው ቀን ነበር። ጥር ዘጠኝ ቀን እግሩን ታጥቦ፣ ዓይኑን በነጠላው ጫፍ አስሮ፣ መንገዱን ከላይ እስከ ታች በባዶ እግሩ ይሄዳል። ታቦት የሚሸከም ቄስ ጫማ አያደርግም፤ እንቅፋት አለ ብሎም መሬት መሬቱን አያይም። ስለዚህ ቢተው የቄሱን እግር ይሆናል። የወጋውን ጠጠር ሁሉ ጎንበስ ብሎ ያነሣል። ወርዶ ይወጣል፣ ደግሞ ይወርዳል። አንዳንድ ዓመት ሰባት ጊዜ ይሄዳል።

ሚስቱ የብርጓል አፏ የማያርፍ ሴት ነበረች። ምስር ስታበጥር ውላ እሱ ሲገባ፣ «ለእግዜር ጠጠር ስትለቅም ትውላለህ፤ የኔን ምስር ማን ይልቀምልኝ?» ትለው ነበር። እሱም ተቀምጦ ይለቅምላታል። ልጅ አልነበራቸውም።

በ፲፱፻፴ ዓ.ም. የካቲት ላይ ጎጃም ጣሊያንን እምቢ ብሎ ሲነሣ፣ ወታደር ወደኛ መጣ። ቤተ ክርስቲያኑ የሣር ክዳን ነበር፤ ለመንደድ ጊዜ አልፈጀበትም። የደብሩ ቄስ አካለ ወልድ ግን ቀድመው ነበር። ታቦቱን ተሸክመው ከሁለት ዲያቆናት ጋር በምሥራቅ በኩል በአጥሩ ቀዳዳ ወጥተው ወደ ዓባይ በረሃ ወረዱ። የት ዋሻ እንደገቡ የሚያውቅ አልነበረም፤ የሚያውቅ ቢኖርም እንዳይናገር ተገዝቷል።

አያ ቢተው ወሬውን ሲሰማ የጠየቀው ስለ ቃጠሎው አልነበረም። በየት በኩል እንደወጡ ጠየቀ። በአጥር ቀዳዳ ነው ተባለ።

«እንደ ሌባ» አለ። ከዚያም፣ «አወጣጡስ ይሁን። ሲመለስ በደጁ ነው የሚገባ» አለ።

ታቦት የሌለበት አገር ምን እንደሚመስል ላላየ መንገር ያስቸግራል። መሬቱ ያው መሬት ነው፤ ዝናቡ ይዘንባል፤ ጥጃው ይወለዳል። ግን ፊት ከበቅሎው ሳይወርድ በዚያ ደጅ የማያልፍ ሰው አሁን እየጋለበ ያልፋል። ድንጋዩን የሚሳለም የለም። ደወል ስለሌለ ሴቶች ጾም የሚገድፉበትን ሰዓት በጥላ ይለካሉ። ክርስትና የሚነሣ ሕፃን ግማሽ ቀን ታዝሎ ወደ ሌላ ደብር ይሄዳል፤ ሬሳም እንደዚያው። አማኑኤል ማለት እግዚአብሔር ከኛ ጋር ማለት ነው ብለው ካህናቱ አስተምረውናል። እሱ ሲሄድ እኛ ምን እንደምንባል ግን ያስተማረን አልነበረም።

የመጀመሪያው ጥምቀት መጣ። በከተማ ጣሊያን ራሱ በጥሩምባና በሰልፍ ጥምቀት ያስከብራል፣ ጨርቅም ይታደላል ተብሎ ስለተወራ ግማሹ ሰው ወደ ደብረ ማርቆስ ወጣ። ስድብ አይምሰላችሁ፤ ብርድ ነበር፣ ጨርቅ አልነበረም። አያ ቢተው ግን ከኅዳር ጀምሮ ሲጠርግ ከርሞ፣ ጥር ዘጠኝ ቀን ዓይኑን አስሮ ሄደበት። በከተራው ዕለት ነጭ ለብሶ ከቀትር ጀምሮ በተቃጠለው ደጀ ሰላም ቆመ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወደ ቤቱ ገባ።

«መጣ?» አለችው የብርጓል።

«አልመጣም።»

«ለከርሞ ነዋ» አለችው። በዚያን ቀን አልቀለደችም።

አሁን ወደሚያሳፍረው እገባለሁ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ፈንታ የሚባለው ጎረቤታችን በሬዎቹን ጠምዶ እርሻውን ሲያርስ፣ ድንበሩ ላይ ሲደርስ ሞፈሩን አላነሣም። ወደ ታቦቱ መንገድ ሦስት ትልም ገባ። ፈንታ ክፉ ሰው አልነበረም። ስድስት ልጅ ነበረው፤ ጣሊያን ላሞቹን ወስዶበታል። ማንም ዝም ሲል አይቶ ሽታዬ የምትባለው ባልቴት እኩል አራሿን ገፋ አድርግ አለችው። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። እኔም ሁለት ትልም ገባሁ። ሁለት ብቻ ነው እያልሁ ብዙ ዓመት ራሴን አጽናንቻለሁ። ሁለት ትልም ስንት እንጀራ ይወጣዋል? ለሁለት ትልም ብሎ የአምላኩን መንገድ የሚያርስ ሕዝብ እኛን አየሁ፤ ሌላ አላየሁም።

አያ ቢተው ወደ ፈንታ እርሻ መጣ። እኔ ከጎን እያረስሁ ነበርና ሰምቻለሁ።

«ፈንታ፣ ድንበሩ ጠፋብህ?»

«አልጠፋብኝም፣ አያ ቢተው። ጦም ያደረ መሬት ነው። የሚሄድበት ሲመጣ ይነሣል።»

«ገብስ ዘርተህበት ሲመጣ ምን ልትል ነው? ይብሰልልኝ ቆይ ልትለው ነው?»

ፈንታ ሳቀ። «እግዜር መንገድ ያጣል ብለህ ነው? እሱ የሌለበት ቦታ አለ?»

«እሱማ አያጣም» አለ ቢተው። «መንገድ የምናጣ እኛ ነን።»

ይህን ብሎ ሄደ። ፈንታም «ሂያ» ብሎ በሬዎቹን ነዳ። እኔም ነዳሁ። ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ ይህን ቃል፣ እግዚአብሔር በሁሉም ቦታ አለ። እውነት ነው። ግን በሁሉም ቦታ አለ የምንል በኛ ቦታ እንዳይገኝብን ስንፈልግ ነው። በሰማይ ሙሉ ነው፣ በምድር ሙሉ ነው፣ ከፈንታ ትልም ላይ ብቻ ፈቀቅ ይበልልን!

መክሰስ ይችል ነበር። ነገር ግን ዳኛው ጣሊያን የሾመው ሰው ነበር፤ እሱ ዘንድ ሄዶ የታቦት መንገድ ታረሰ ማለት ታቦት የት አለ ማስባል ነው። ስለዚህ ያደረገው ሌላ ነው። በማግስቱ ዘንጉን ይዞ ወጣ፤ ፈንታ የገባበትን ያህል ከራሱ መሬት ላይ ለካ። ስምንቱን ክንድ ለመሙላት የጎደለውን ከራሱ መቀነት ቆርጦ ሳይዘራ ተወው። ሽታዬ ባስገፋችበት ላይ እንደዚያው፤ እኔ በገባሁበት ላይ እንደዚያው። ቀጥ ብሎ ይወርድ የነበረው መንገድ እያንዳንዳችን በገፋነው ልክ ወደ ግራ ይጎብጣል፣ ደግሞ ይመለሳል፣ ደግሞ ይጎብጣል። እኛ ምን አልን? ጠበበ እንጂ አልተዘጋ አልን። በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ገፋን። እሱም እንደገና ለካ።

የብርጓል መጀመሪያ ተቆጣች። የሚበሉትን ነው የሚጠርገው። በጓሮዋ ድንችና ጎመን ተከለች፤ ቁይ ከተማ ያለው ወንድሟ አልፎ አልፎ በመንገደኛ እህል ይልክላት ነበር። ኋላ ግን ዝም አለች። በሠላሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት ጉልበቷን ይዟት ከደጅ መውጣት ስታቆም፣ ስለ መንገዱ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጣ የምትጠይቀው እሷ ሆነች። የትኛው ጋ ቦረቦረ? የሽታዬ ግራር እሾሁን አራገፈ ወይ? ትለው ነበር።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ የባንዳ አለቃ ከነሰዎቹ ሲያልፍ፣ ከተቃጠለ ቤተ ክርስቲያን እስከ ወንዝ የተጠረገ መንገድ አይቶ ደነቀው። ለሽፍታ ነው የምትጠርገው ብሎ ያዘው። ለታቦት መሆኑን ነገረው። ታቦቱ የት አለ አለው።

«እሱንማ ባውቅ እዚህ ምን አስቀመጠኝ?» አለው አያ ቢተው። «ሄጄ እሳለመው ነበር እኮ።»

ሰዎቹ ሳቁ፤ አለቃቸው ግን አልሳቀም። አጋድመው ገረፉት። ከዚያ ወዲህ ወገቡ ቀጥ አላለለትም። ጥር ዘጠኝ ቀን ግን ዓይኑን አስሮ ሄደ፤ ጠጠር ለማንሣት ድሮ ከሚጎነበሰው ያነሰ መጎንበስ በቃው። በከተራውም ቆመ። «መጣ?» «አልመጣም።»

ፊደል የቆጠርሁት በራሴ ነው፤ ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ መጽሐፍ ቅዱስ ነበረኝ። ይህን ያውቅ ነበርና አንድ እሑድ ቤቴ መጥቶ ታቦት ተማርካ የተመለሰችበትን እንዳነብለት ለመነኝ። አነበብሁለት። ፍልስጥኤማውያን የእግዚአብሔርን ታቦት ማርከው ሲቸገሩ፣ በአዲስ ሠረገላ ላይ አድርገው በሁለት የሚያጠቡ ላሞች አስጎትተው ሰደዷት። ላሞቹም ጥጆቻቸው ቤት ተዘግቶባቸው እምቧ እያሉ፣ ወደ ቀኝም ወደ ግራም ሳይሉ በቀጥታው ጎዳና ሄዱ ይላል። ቀጥሎም ታቦቲቱ በአንድ ሰው ቤት ብዙ ዘመን ተቀመጠች፣ ሃያ ዓመትም ሆነ፣ የእስራኤልም ቤት ሁሉ እግዚአብሔርን ናፈቀ ይላል።

«ሃያ ዓመት» አለ። ጣቶቹን አየ። እንግዲህ እኔ አልደርስበትም ማለት ነው ሊል መሰለኝ፤ ግን አላለም። የላሞቹን ነገር መልሼ እንዳነብለት ጠየቀኝ። አነበብሁ።

«ቀጥ ብለው ሄዱ?»

«ቀጥ ብለው ነው የሚል።»

«መንገዳቸውን ያረሰባቸው አልነበረም» አለ።

ለነገር ብሎ አልነበረም የተናገረው። እንደ ገበሬ፣ ስለ መንገድ እንደሚያውቅ ሰው ነበር የተናገረው። እኔ ግን ከመጽሐፉ ላይ ዓይኔን አላነሣሁም። በዚያን ቀን ማታ ሁለቱን ትልም እመልሳለሁ አልሁ። ሰኔ ሲመጣ ጎረቤቶቼ ይታዘቡኛል ብዬ ተውሁት። እውነቱ ይኸው ነው።

በሠላሳ ሦስት ጥርም ቆሞ ውሎ ገባ። በመጋቢት መጨረሻ ጣሊያን ከደብረ ማርቆስ ለቀቀ። ግንቦት ላይ ከበረሃው መልእክት መጣ፤ ቄስ አካለ ወልድ በሕይወት አሉ፤ ታቦቱን ይዘው በግንቦት ሃያ ስምንት፣ በወርኃዊው በዓል ቀን፣ ይገባሉ ተባለ። እልልታው ከጎጥ ጎጥ ተሻገረ። ለጊዜው የሚያርፍበት ድንኳን በተቃጠለው ግቢ ውስጥ ተተከለ።

ከዚያ ሽማግሌዎቹ በየት ይግባ ብለው ተሰበሰቡ። የቀድሞውማ መንገድ እርሻ ነው፤ ሰኔ ሊገባ ስለሆነ ታርሶ ተለስልሷል። የቢተው መንገድ ደግሞ አለ፤ ግን በዚያ ያስገባ ሰው የእያንዳንዱን ቤት ገበና ለቄሱ እየቆጠረ ማሳየቱ ነው። ይህን ያለ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም አሰበው። ፈንታ ተነሥቶ ጣሊያን በሠራው የመኪና መንገድ፣ በድልድዩ ተሻግሮ በኮረብታው ጀርባ ይግባ አለ። ሰፊ ነው፣ ሜዳ ነው፣ ለታቦት ክብር የሚሆን ነው አለ። እንደዚያ ቶሎ የተስማማንበት ሸንጎ አላየሁም። ለቢተው የነገረው የለም። እኔም አልነገርሁትም።

እሱ ግን ታቦቱ ከመግባቱ ሁለት ቀን በፊት፣ ወገቡ ጎብጦ፣ ዓይኑን አስሮ መንገዱን ጨርሶት ነበር።

ግንቦት ሃያ ስምንት ጠዋት ሰው ሁሉ በመኪናው መንገድ ላይ ፈሰሰ። ቄስ አካለ ወልድ ከሩቅ ታዩን። ሲሄዱ ጎልማሳ ነበሩ፤ አሁን ጢማቸው ደረታቸው ላይ ወርዶ፣ እግራቸው እንደ ቆላ ግንድ ተሰነጣጥቋል። ጥላ የያዘላቸው አንዱ ዲያቆን ብቻ ነበር፤ ሌላው በረሃ ቀርቷል። ታቦት የተሸከመ አይናገርምና አልተናገሩም። እኛ ወደቅን፣ ተነሣን፣ አጀብን። እንደዚያ ሆነን ድልድዩ አፍ ደረስን።

ከድልድዩ አፍ ላይ ሲቆሙ መልካው ቁልቁል ይታያል። ቄሱ ወደዚያ አዩ። ከመልካው ማዶ አንድ ነጭ የለበሰ ጎባጣ ሰው ብቻውን ቆሟል። ከእግሩ ሥር ተነሥቶ፣ በታረሰው ጥቁር መሬት መካከል፣ አንድ ስምንት ክንድ የሆነ ንጹሕ መንገድ እየተጠማዘዘ ዳገቱን ይወጣል።

ቄሱ ቆሙ። እኛም ቆምን። ከኋላ ያለው ሕዝብ የቆሙበትን ምክንያት አላወቀምና፣ ታቦቱ አልሻገርም አለ የሚል ድምፅ ከዚያ ተነሣ። ከፊት የነበርን ግን ዓይናቸው የት እንደነበር አይተናል። ከጎኔ የነበረው ፈንታ መሬት መሬቱን ማየት ያዘ። ጥላ የያዘው ዲያቆን ወደኛ ዞሮ፣ «ያ ማነው?» አለ።

ማንም አልመለሰም። ያን ዝምታ ዛሬም እሰማዋለሁ። በመጨረሻ፣ «አያ ቢተው ነው» አልሁ። በሕይወቴ ከተናገርሁት ሁሉ የረፈደ ቃል እሱ ነው።

ቄስ አካለ ወልድ ከመኪናው መንገድ ወረዱ። በወንዙ ዳር ዳር ሄደው፣ በመልካው ውኃውን ረግጠው ተሻገሩ። ቢተው ወድቆ ተሳለመ፤ ተነሥቶም እንደ ልማዱ ፊት ፊት መሄድ ጀመረ፤ ፊቱን ወደ ታቦቱ፣ ጀርባውን ወደ ዳገቱ አድርጎ፣ የኋሊት። መንገዱን ማየት አያስፈልገውም ነበር። እኛ ተከተልን። በፈንታ እርሻ አጠገብ ታቦቱ ወደ ቢተው መሬት ጎበጠ። ፈንታ ነጠላውን ፊቱ ላይ ጣለ። በሽታዬ እርሻ አጠገብ ጎበጠ። የኔ ጋ ደረሰ። ሁለት ትልም ብቻ፤ ጥቂት ነው የጎበጠው። ጥቂት ነው፤ ግን አምላኬ ለኔ ብሎ ዞሮ አለፈ። የሚዘምር ድምፅ ቀስ በቀስ ቀነሰ። አንዱ መዘመር ሲያቆም ሌላው የማን እርሻ ጋ እንደደረስን ያውቅ ነበር። ዳገቱን ስንጨርስ የሚሰማው የቄሱ እግር ብቻ ነበር፤ እሱም አንዴ እንኳ እንቅፋት አልመታውም።

ታቦቱ ድንኳኑ ገባ። ሕዝቡ ዳግመኛ እልል አለ። አያ ቢተውን ወደ ቤቱ የሸኘሁት እኔ ነኝ፤ ደክሞት ነበር። የብርጓል ከምድጃው አጠገብ ሆና እልልታውን ሰምታለች፤ ግን ከሱ አፍ መስማት ፈለገች።

«መጣ?»

«መጣ።»

አለቀሰች። እንባዋን ጠርጋ፣ «እና ምን ይመስላል? ልብሱ ያው ቀዩ ነው? ተጎሳቅሏል?» አለችው።

አያ ቢተው ራሱን አከከ። እንዳላሰበበት ያስታውቃል።

«አላየሁትም» አላት። «እግራቸውን እግራቸውን ሳይ ቀረ። ጠጠር እንዳያገኛቸው።» ከዚያም እንደ ልጅ ፈገግ ብሎ፣ «ለጥምቀት ቀና ብዬ አያለሁ» አለ።

ነሐሴ ላይ ዐረፈ። ጥምቀት አልደረሰለትም።

በመስከረም ትልሞቻችንን መለስን፤ ፈንታም መለሰ፣ እኔም መለስሁ፤ መንገዱ ቀጥ አለ። አሁን ግን ባለፈው ሰኔ አይቻለሁ፤ ከሽታዬ ወራሾች አንዱ አንድ ትልም ገብቷል። አንድ ብቻ ነው ይላል። ታቦቱ አልሻገርም አለ የሚለውን ወሬ በየጥምቀቱ ጮክ ብሎ የሚያወራውም እሱ ነው።